አንድ ቁጥር የተመታበት ቆብ

ካቫሊዬሬ ኦቶሪኖ ዛፈራኒ የሞቱት እሁድ ረፋድ ላይ፣ በሮካሴልቫ ዳገት ሰባተኛው መታጠፊያ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቋሊማ በዳቦ እየገመጠ እያያቸው ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲገባ የጥንት መኪና ያላቸው ሰዎች ያንን ዳገት ይወጡታል። ዋንጫው ቆርቆሮ ነው፤ ወሬው ግን እስከ ገና ያዘልቃል። የካቫሊዬሬው መኪና ዘጠና ዓመት የሞላት ቀይ ቤላርዲ ነበረች። ስድስተኛውን መታጠፊያ እየዘፈነች አለፈች። ከዚያ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ቋ ቋ ይል ጀመር፤ የብረት ስባሪ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ፤ የኋላ ጎማዎቿ ቀጥ አሉ፤ የድንጋዩን አጥር ዘላ ወይን እርሻው ውስጥ ተገለበጠች።

ማሬሻሎ ዴልፊና ራቫሊ፣ የመንደሩ የካራቢኔሪ ፖሊስ አዛዥ፣ ሕዝብ ስትጠብቅ ስለነበር ለመድረስ ሩቅ አልሆነባትም። የሲሲሊ ልጅ ናት። ሮካሴልቫ ስድስት ዓመት ብትኖርም ሰዉ እስከ ዛሬ «የደቡቧ» ነው የሚላት። ሐኪሙ አስከሬኑን በብርድ ልብስ ሲሸፍን ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆመች። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ መኪናዋ ሲሮጥ እሷ ብቻዋን ወደ ኋላ፣ ወደ ቁልቁለቱ ሄደች። ዘይቱ መንገዱ ላይ ያሰመረውን መስመር ተከትላ ሄዳ ሄዳ ሣር ውስጥ ግማሽ ቀለበት የመሰለ ብረት አገኘች። ገና ይፋጃል። በመሐረቧ ይዛ ገለበጠችው። ጎኑ ላይ «1» የሚል ቁጥር ተመትቶበታል።

አጥሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ማስትሮ ኔቪዮ ባልድራቲ ናቸው፤ ያንን ሞተር ፈትተው፣ ስምንት ወር ለፍተው፣ መልሰው የገጠሙት።

«ማስትሮ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው አልነኩትም። አዩት ብቻ።

«የቢዬላ ቆብ ነው፣ ልጄ። ፒስተኑን ከታች ካለው ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ቢዬላ ይባላል። ዘንጉን በሁለት ግማሽ ያቅፈዋል፤ የላይኛው ግማሽ የራሱ የቢዬላው ነው፣ የታችኛው ይሄ ቆቡ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚበሱት። እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ የአንዱ ቆብ ለሌላው አይሆንም። እንዳይቀያየሩ ነው ሁለቱም ላይ ቁጥር የምንመታው።»

«የፈነዳው የትኛው ነው?»

በአገጫቸው ወደ ቀዳዳው ጠቆሙ። «አራተኛው። ያ ራዲያተሩ አጠገብ ያለው።»

«ይሄ ግን አንድ ይላል።»

ባርኔጣው በእጃቸው ውስጥ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ።

«ይላል» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ የአንደኛውን ቆብ አራተኛው ላይ ገጥሜዋለሁ ማለት ነዋ። ኦቶሪኖን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲሉ ከኋላቸው አንድ ረጅም፣ ግራጫ ሱፍ የለበሱ ሰው ደረሱ። ኢንጂነር ላምቤርቶ ፍሪጄሪ ይባላሉ፤ የጥንት መኪኖች መዝገብ ሹም ናቸው፣ ከሚላኖ። እሳቸው «ይህች እውነተኛ ናት» ብለው ካልጻፉ አንዲት አሮጌ መኪና አሮጌ ቆርቆሮ ናት። መርምረው ሲጨርሱ ማንም ሞተሩን እንዳይከፍት የሆዱን ብሎኖች በተጠማዘዘ ቢጫ ሽቦ አስረው በእርሳስ ያትሙታል። ማተሚያ ጉጠታቸው ከነሽቦው ጥቅል ሁልጊዜ ወገባቸው ላይ በቆዳ ከረጢት ነው።

«እዩት፣ ማሬሻሎ። ሽቦው አልተቆረጠም፤ የጉጠቴም ምልክት እንዳለ ነው። ከዓርብ ቀትር ወዲህ ይህን ሞተር ሰው አልከፈተውም። ከዚያ በፊት የፈታውም የገጠመውም እኚህ አባት ብቻ ናቸው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያሳዝናል። እጅ ያረጃል።»

ማስትሮ ኔቪዮ ሰምተዋል። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሰኞ ጠዋት ዐቃቤ ሕጉ ከከተማ ደወለ።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ማሬሻሎ። ሐሙስ ክሱን እፈርማለሁ፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ኢንጂነር ፍሪጄሪም የባለሙያ አስተያየት እጽፍልሃለሁ ብለውኛል። ሞተሩን ሚላኖ ወስደው ይክፈቱት።»

«ለወገባቸው እናስብላቸው እንጂ፣ ጌታዬ። የዚያን የሚያህል ብረት። ከቦሎኛ የኛን ጋራዥ ሰው ላስመጣና እዚሁ ግቢዬ ይከፈት።»

ስልኩን ስትዘጋ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ አኖሩ።

«የጋራዤ ነው። ያዢው።»

«አልጠየቅኩዎትም እኮ።»

«ሌላ ሰው ሳልገድል ያዢው።» ወንበር ሳቡና ቁጭ አሉ። «ስሚ፣ ልጄ። የዛሬ ሳምንት የሚስቴን መቃብር ልጠይቅ ሄጄ ረድፉ ጠፋብኝ። ሙታን መካከል ስዞር አረፈድኩ። አርባ ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ የጠፋችበት ሰው፣ ቆብ እንዴት አይጠፋበትም?»

«ሐሙስ ዕለት ሞተሩን ሞክረውት አልነበረም?»

«ሞክሬዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋን አርጂያን ከነዳቦዋ ጭኜ እስከ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ወረድኩ። እንደ ቅቤ ነበር።»

«ቆቦቹ ተቀያይረው ቢሆንስ?»

«ውስጡ የተቀባው ነጭ ብረት ለስላሳ ነው፤ ቀልጦ እዚያው ዳገቱ ላይ ይጥለን ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ወይ ብረቱ ዋሽቷል፣ ወይ እኔ ጃጅቻለሁ። ብረት ሲዋሽ አይቼ አላውቅም።»

ዴልፊና ቁልፉን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ሐሙስ ቢፈረም ሰውየው የሚያጡት ጋራዥ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል። በገዛ እጃቸውና በገዛ ልባቸው ላይ የነበራቸው እምነት ነው አብሮ የሚታሸገው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ተነስታ ወደ ዛፈራኒ ቤት ሄደች።

የሟቹ የወንድም ልጅ ኮራዶ የቪላው ጋራዥ በር ላይ ተቀምጦ ያጨሳል። ሞዴና ከተማ የመድን ሻጭ ነው፤ ሐሙስ መኪናዋን አይቶ እስከ ዛሬ እዚሁ ሰንብቷል።

«መኪናዋን ላንተ ነው የተናዘዙት አሉ።»

«አዎ። ደስታዬን እያየሽው አይደል?»

«ቅዳሜ ማታ ተጣልታችኋል።»

«ሁልጊዜ ነው የምንጣላው። ሽጣትና አክስቴን ይዘህ የባሕር ዳርቻ ክረም አልኩት። ‹አንተ ሚስት ስታገኝ ትሸጣታለህ› አለኝ።»

«ስለ ሞተር ታውቃለህ?»

«እኔ? ጎማ ለመቀየር እንኳ ሰው ነው የምጠራው።»

«እሁድ ጠዋት በእጅ እያዞርክ ያስነሳሃት ግን አንተ ነህ።»

ትከሻውን አሻሸ። «እስካሁን ያመኛል። ሐሙስ ማታ አጎቴ በአንድ እጁ ነበር ያዞራት። እሁድ ሁለት ሰው ሆነንም ድንጋይ ሆነችብን። ‹ብርዱ ነው› አለ፣ ሳቀብን።»

«ስትንኳኳ ሰምተሃታል?»

«ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ ነበርኩ፤ እንዴት አልሰማም። አራተኛው ነው፣ የፊተኛው።»

ዴልፊና ቀና ብላ አየችው። «ጎማ ሰው የሚያስቀይር ሰው ጆሮው እንዲህ ጥሩ ነው?»

ኮራዶ ቀላ። ሲጋራውን ጣለና ሌላ ለኮሰ።

የካቫሊዬሬው ባለቤት ሲኞራ ክሌሊያ ወጥ ቤት ነበሩ። አላለቀሱም፤ ሰሃን ያጥባሉ፤ የታጠበውን መልሰው ያጥባሉ።

«‹ያቺ መኪና የሬሳ ሣጥንህ ትሆናለች› ብያለሁ» አሉ ሳይጠየቁ። «መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ስለዚህ አንቺም ሰምተሻል። እኔ ልገድለው ብፈልግ ግን ሃያ ዓመት አልቆይም ነበር።»

«ዓርብ ዕለት ማን መጣ፣ ሲኞራ?»

«እኚያ የሚላኖው። ቅዳሜ ነበር ቀጠሯቸው። ኦቶሪኖ ሐሙስ ማታ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ደወለላቸው፤ ዓርብ ገና ወተት ሳይፈላ ደጄ ላይ ከች አሉ።»

«ምን ብለው ደወሉላቸው?»

«‹ዘጠኙን አገኘነው› ሲል ሰማሁ። የምን ዘጠኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ስለዚያች መኪና መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ባለቤት ቆሞ አልመረምርም አሉ፤ ደንባቸው ነው አሉ። በሩን ዘግተው ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን። ሲወጡ ሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ አስቀዱኝ። እስቲ ነይ፣ የእናቴን ፎጣ ልይልሽ።» ከመሳቢያ ዳር ዳሩ የተጠለፈ የበፍታ ፎጣ አወጡ። መሃሉ ጥቁር ነው፤ ሦስት ጊዜ ተቀቅሎም አለቀቀም። «ኦቶሪኖ እንኳ በዚህ ጠርጎ አያውቅም፤ እንግዳ ነው ብዬ ሰጠኋቸው እንጂ።»

ዴልፊና ፎጣውን አሸተተችው። የሞተር ዘይት ነው። «ልውሰደው?»

«ውሰጂው። የሚያጸዳው ሰው ካገኘሽ መልሺልኝ።»

ኢንጂነር ፍሪጄሪን ያገኘቻቸው እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ነው። ቶርቴሊኒ ፓስታ በሾርባ ቀርቦላቸዋል፤ ማንኪያውን የሚይዙት በጣት ጫፍ ነው።

«ዓርብ ምን ምን ሠሩ፣ ኢንጂነር?»

«የሻሲውን ቁጥር አነበብኩ። የሞተሩን የውጭ ቁጥር አነበብኩ። አተምኩ።»

«ሳይከፍቱት?»

«መካኒክ እኮ አይደለሁም፣ ማሬሻሎ። የኔ ሙያ ታሪክ ነው። ባትሪና መነጽር ይበቃኛል።»

«ሦስት ሰዓት ነው የፈጀው አሉ።»

«ታሪክ አይቸኩልም።»

«እንደ ባለሙያ ልጠይቅዎት። መጀመሪያ የለቀቀው የትኛው ነው?»

«አንደኛው ነዋ። ቀዳዳው ራዲያተሩ ሥር አይደል?»

ዴልፊና ማስታወሻዋ ላይ አንዲት ቃል ጻፈች። «ካቫሊዬሬው ‹ዘጠኙን አገኘነው› ብለው ደውለውልዎት ነበር?»

ማንኪያው ሾርባው ላይ ቆመ፤ ከዚያ ጉዞውን ቀጠለ። «ሽማግሌ ብዙ ነገር ያገኛል። ቤላርዲ ለውድድር ብሎ የሠራው ዘጠኝ ቁጥር ሞተር አንድ ብቻ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በእኔ እጅ ተመዝግቦ ጄኔቭ ተቀምጧል። መጽሐፍም ጽፌበታለሁ።»

«ሁለተኛ ዘጠኝ ቢገኝስ?»

«አይገኝም።»

«ቢገኝስ?»

አፋቸውን በሶፍት ጠረጉ። «ያን ጊዜ አንዱ ውሸት ይሆናል። ሾርባዬ ቀዘቀዘ፣ ማሬሻሎ።»

ማክሰኞ የቦሎኛው ጋራዥ ሰው መጣ። ሥራውን የሚያውቅ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ዴልፊና ባለችበት፣ እያንዳንዱን ነገር ፎቶ እያነሳ፣ ሞተሩን ከሆዱ ከፈተው።

«ቆቦቹ ከራዲያተሩ ወደ ኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ናቸው፤ የመጀመሪያው ያ አንቺ ከሣር ውስጥ ያነሳሽው ነው። ቢዬላዎቹ ግን ከራዲያተሩ ወደ ኋላ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ናቸው። ሁሉም ከማይመስለው ጋር ተጋብቷል።»

«የቢዬላዎቹ ቁጥር ከታች ሆኖ ለሚያይ አይታይም እንዴ?»

«አይታይም። የተመታው በግድግዳው በኩል ነው። እኔም ያየሁት ቢዬላዎቹን ካወጣሁ በኋላ ነው።» ጎንበስ አለ። «ሌላም አለ። ብሎኑ እንዳይፈታ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ የምትታጠፍ ቀጭን የብረት እግር አለች፤ ኮፒሊያ ትባላለች። ሁለቱ ከፈነዳው ቆብ ጋር ጠፍተዋል። ስድስት ቀርተዋል። አምስቱ ሁለት ጊዜ ታጥፈዋል። ስድስተኛዋ ኮፒሊያ አይደለችም።»

መዳፏ ላይ አኖረላት። ተጠማዝዛ የታጠፈች ቢጫ ሽቦ ናት።

«ደግሞ ዋናው ዘንግ ላይ፣ ሁለቱ የመሃል ቢዬላዎች መካከል፣ ይሄን እዪ።» ጥቁሩ ብረት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ እንደ አዲስ ማንኪያ ታበራለች። በሞረድ ተፍቃለች። «የቅርብ ነው። ሞረዱን ለመሳብ ቦታ ያስፈልጋል፤ ቦታ እንዲገኝ ደግሞ ቆቦቹ መውረድ አለባቸው።»

በዚያው ዕለት ዴልፊና ማስትሮ ኔቪዮን ከቤታቸው አገኘቻቸው። ጠረጴዛ ላይ ስሞች እየጻፉ ነበር፤ ራሳቸውን እየፈተኑ። የጎረቤት ስም፣ የሟች ውሻ ስም።

«ማስትሮ፣ አንድ ኮፒሊያ ሁለት ጊዜ ይጠቀማሉ?»

«የሞተ ሰው ሙታንታ ብለብስ እመርጣለሁ።»

«ይሄ ሽቦ የርስዎ ነው?»

በብርሃን አዩት። «በዚህ ፍየል እንኳ አላስርም።»

«‹ዘጠኙ› ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ። ከቁም ሣጥኑ ላይ የብስኩት ጣሳ አወረዱ፤ በውስጡ ብዙ የታጠፉ ወረቀቶች አሉ። «ሞተር ከመዝጋቴ በፊት ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ቁጥሩ ላይ ስስ ወረቀት አደርጋለሁ፣ የትምህርት ቤት እርሳስ በላዩ አሻሻለሁ፣ ምልክቱ ይወጣል። አባቴም እንዲሁ ነበር።» አንዱን ዘረጉት። ግራጫው መሃል «9» ቁጥርና አንዲት ትንሽ ኮከብ ጎልተው ይታያሉ። «ዋናው ዘንግ ላይ ነበር። ኦቶሪኖ ሳሳየው አለቀሰ።»

«ሌላ ማን አየው?»

«ማንም።»

«የመጨረሻ ጥያቄ። አንደኛው የትኛው ነው?»

«የምን አንደኛው?»

«ከሞተሩ። ከየት በኩል ነው የምትቆጥሩት?»

ሽማግሌው ፀሐይ በየት እንደምትወጣ የተጠየቁ ያህል ግር አላቸው። ከዚያ በእጃቸው አሳዩዋት። ዴልፊና ከእሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማስትሮ ኔቪዮ ጋራዥ ጠራቻቸው። በሩን ከመሳቢያዋ ባወጣችው ቁልፍ ራሷ ከፈተችው። ሞተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሲኞራ ክሌሊያ ጥቁር ለብሰው ብቸኛዋን ወንበር ያዙ። ኮራዶ በሩ አጠገብ ቆመ። ኢንጂነር ፍሪጄሪ ልብሳቸው እንዳይነካ ከሁሉም ነገር ራቅ ብለዋል። ማስትሮ ኔቪዮ በገዛ ጋራዣቸው እንደ እንግዳ ጥግ ያዙ። ዐቃቤ ሕጉም መጥቶ ሰዓቱን ያያል።

«የደቡቧ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች እንዳትሉኝ፤ አላውቅም» አለች ዴልፊና። «ሰው ሲናገር ግን እሰማለሁ። ሐሙስ ዕለት ይህ ሞተር እስከ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወረደ። አርጂያ ምስክር ናት፤ አንድ ዳቦ እንኳ አልተገለበጠባትም። ስለዚህ ሐሙስ ቆቦቹ በቦታቸው ነበሩ። እሁድ ጠዋት ግን፣ ኮራዶ?»

«ድንጋይ ነበረች።»

«በመካከሉ ሰው ከፍቷታል። መቼ? ዓርብ ቀትር ታትማለች፤ ማኅተሙ አልተነካም። ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ቪላው ውስጥ ማን ነበር?»

ኢንጂነሩ ወደ በሩ ተመለከቱ። «ወራሹ ነበር።»

ኮራዶ ግንቡን ተደገፈ። አክስቱ ቀና ብለው አዩት፤ አስተያየታቸው ጥሩ አልነበረም።

«ነበር» አለች ዴልፊና። «ዋሽቶኛልም። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሞተሩ እንዴት እንደተዘጋ እንይ። የጃጀ ሰው ቢሆን ያዘበራርቃል፤ አንዱን ይስታል፣ ሌላውን ያገኛል። ሊገድል የፈለገ ሰው ቢሆን አንዱን ብሎን አላልቶ ይሄዳል። ይሄ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እንደ ሰልፍ። የከፈተው ሰው በደንብ ሊዘጋው ፈልጓል። የቢዬላዎቹ ቁጥር ስላልታየው በራሱ አቆጣጠር ደረደራቸው። ከየት በኩል ነው የቆጠረው?»

«ከራዲያተሩ» አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ ሳይታወቀው ጠጋ ብሎ።

«ማስትሮ፣ እርስዎስ?»

«እኛ ከኋላ ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ከቮላኖው፤ ከዚህ ከከባዱ መንኮራኩር በኩል። በዚህ ሸለቆ ሁሉም እንዲሁ ነው። አያቴ ሙያውን የተማረው በእህል መውቂያ ሞተር ነው፤ እዚያ ሰው የሚቆመው ቮላኖው ጋ ነው። አንደኛው አጠገብህ ያለው ነው። እኔም ይህን ሞተር ስበሳው በዚያው ነው ቁጥር የመታሁት።» የተናገሩት ነገር ለራሳቸውም ገና አሁን ነው የገባቸው። «እኔ ብሆን... እኔ ከዚያ በኩል ልጀምር አልችልም።»

«አይችሉም። ኮራዶም አይችልም። የፈነዳው ‹አራተኛው ነው፣ የፊተኛው› ያለኝ እሱ ነው። ጎማ የማይቀይረው ሰው እንደ ማስትሮ ኔቪዮ ነው የሚቆጥረው። ለምን ይሆን?»

«አራት በጋ እዚህ ሠርቻለሁ፤ ልጅ ሆኜ» አለ ኮራዶ መሬት መሬት እያየ። «ወራሹ ሞተር ያውቃል ብልሽ ምን ታስቢ ነበር?»

«አሁን የማስበውን። የዚህ ሸለቆ ሰው የከፈታት ቢሆን ኖሮ ካቫሊዬሬው ዛሬ በሕይወት ነበሩ። አንድ ሰው ብቻ ነው ‹አንደኛው ነዋ› ያለኝ።»

ኢንጂነር ፍሪጄሪ ፈገግ አሉ። «ዓለም ሁሉ ከራዲያተሩ ነው የሚቆጥረው፣ ማሬሻሎ።»

«ዓለም ሁሉ ዓርብ ዕለት ጋራዡ ውስጥ አልነበረም።» ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ባትሪና መነጽር ብቻ የያዘ ሰው ይህን ጠረገበት።» ቢጫዋን ሽቦ ፎጣው ላይ አኖረች። «አንዷ ኮፒሊያ ስትሰበርበት በእጁ ያገኘውን ጠምዝዞ አስገባ። በዚህ መንደር እንዲህ ያለ ሽቦ ያለው ማነው? ከረጢትዎን ይክፈቱልን።»

ሰውየው ከረጢታቸውን ሸፈኑ።

«ይህን ሁሉ ለምን?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

የማስትሮ ኔቪዮን ስስ ወረቀት ዘርግታ ከተፋቀው ብረት አጠገብ አደረገችው። «ለዚህች ዘጠኝና ለዚህች ኮከብ። ዘጠኝ ቁጥር ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ኢንጂነሩም ጄኔቭ ነው ብለው ፈርመዋል፣ መጽሐፍ ጽፈዋል። ካቫሊዬሬው ‹አገኘነው› ብለው ሲደውሉ አንዱ ውሸት ሆነ። ስለዚህ ከቀጠሮ በፊት መጥተው፣ በር ዘግተው፣ ቁጥሯን ፍቀው፣ መልሰው ዘጉና በማኅተማቸው ሸፈኑት። ሁላችንም ማኅተሙን አይተን ሽማግሌውን ጠረጠርን።» ወደ ኢንጂነሩ ሳይሆን ወደ ሞተሩ ዞረች። «ሥራው ራሱ ደግሞ የግድ የለሽ ሰው ሥራ ነው። የሚያደርገውን ያላየ፣ ያልቆጠረ...»

«ግድ የለሽ አልነበርኩም» አሉ ኢንጂነር ፍሪጄሪ። «ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት።»

ያመለጠች ቃል አትመለስም።

ማስትሮ ኔቪዮ ከጥጋቸው ወጡ። ሁሉም የሚጮሁ መስሎት ጠበቀ።

«አንድ ጊዜ በእጅዎ ቢያዞሯት ኖሮ ትነግርዎ ነበር» አሉ። «ወይ እኔን ቢጠይቁኝ። ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነበርኩ። እንዲህ ነው የምንቆጥረው ብዬ እነግርዎት ነበር፤ ለምን ከፈቱት ሳልል።» እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። «ኦቶሪኖን ሳያውቁ ነው የገደሉት፤ እሺ። እኔን ግን እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያወቁ ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ በማስትሮ ኔቪዮ ላይ ያዘጋጀውን የክስ ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ ለሁለት ቀደደና ኢንጂነሩን ክንዳቸውን ይዞ ወጣ። ኮራዶ መንገድ ለቀቀላቸው፤ የቆዳውን ከረጢት ግን ሲያልፉ ከወገባቸው ፈትቶ ለዴልፊና ሰጣት።

ሲኞራ ክሌሊያ ከወንበራቸው አልተነሱም። ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ኔቪዮ።»

«እመት።»

«እጠላታለሁ። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ግን እንዲህ ተዛንፋ እንድትቀመጥ አልፈልግም። የማንም ቆብ በማንም ላይ። አትነዳም፣ አትሸጥም። በሥርዓቷ ብቻ ዝጋልኝ። ኮራዶ መብራት ይይዝልሃል፤ መቼም አሁን ሞተር ማወቁ ታውቆበታል።»

ኮራዶ ኮቱን አወለቀ።

ዴልፊና ቁልፉን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኑራ ወጣች። ደጁ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ሽማግሌው ቆቦቹን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ቮላኖው በኩል ዞረው ቆመዋል። የመጀመሪያውን አነሱ፤ ቁጥሩን ለማየት መነጽራቸውን አልፈለጉም፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«አንድ» አሉና ቮላኖው አጠገብ ባለው ቢዬላ ላይ ገጠሙት።